የማስትሮ ብሩኖ ደረሳ

ወንድሜ ዘይኑልአቢዲን ቢስቲማ ሸህ ሸረፈዲን ዘንድ ተቀምጦ ነህዉን፣ የዐረብኛውን ሰዋስው ማለቴ ነው፣ ተምሮ፣ ቀርቶ የጨረሰ ሰው ነው። ለሌላው ይኸ ዕድሜ ልክ የሚያስከብር ነበር። ለሱ ግን ምኑም አልበቃው። ጣልያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ኮምቦልቻ ላይ ሞተር ተክሎ መብራት ሲያበራ አየና ይኸም ዕውቀት ነው፣ ዕውቀት ደግሞ ባለቤቱ ዘንድ ሄደው ይቀሩታል ብሎ ተነሳ። አባታችን ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ቢሉት አልሰማም። እኔ ኮምቦልቻ ተድሬ ነበርና እኔ ቤት አረፈ።

የሽቦ ዘርጊዎቹ አለቃ፣ ማስትሮ ብሩኖ የሚሉት ጣልያን፣ ተቀበለው። ቀን ቀን የደሴን አቀበት እንጨት እያሸከመ ያስወጣዋል፣ ጉድጓድ ያስቆፍረዋል። ከሥራ መልስ ዕቃውን አንድ በአንድ እያነሳ ስሙን በጣልያንኛ ያስቀራዋል። ሁሉንም በቃልህ ስትይዝ ዋናው መሐንዲስ ፊት አቀርብሃለሁ፣ እሱ ካሳለፈህ ሞተር ቤት ገብተህ ኤሌትሪኩን ትማራለህ አለው።

ዘይኑ ደረሳ አይደለ! እንደ ቁርአን ቂራት ኡዱ አድርጎ፣ ታጥቦ ይቀመጣል፤ ከመምህር አፍ የወረደውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይይዛል። እቤትም ያንን ጣልያንኛ በዜማ ሲያወርደው ያመሻል። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ። ዱቄት ስነፋ እኔም አብሬው እል ነበር።

መሐንዲሱ የመጣ ዕለት ዘይኑ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ሄደ። ዕቃው ተደርድሮ ብሩኖ በጣቱ ይጠቁማል፣ ዘይኑ ስሙን ይጠራል። መጀመሪያ አንዱ ሳቀ። ከዚያ ጣልያኖቹ ሁሉ ሆዳቸውን ያዙ። የኔው ሞኝ ድምፄ ቢያንስ ነው ብሎ ጮክ አድርጎ ደገመላቸው። መሐንዲሱ ብቻ አልሳቀም። ፊቱ ቀልቶ፣ ይህን ባለጌ አስወጡልኝ፣ ሞተር ቤት ደጃፍ እንዳይደርስ አለ።

ነገሩን የነገረው የመሐንዲሱ አስተርጓሚ ነው፣ ደጅ አውጥቶ። ብሩኖ ሽቦ ብሎ ያስቀራው የሴት ነውር ኖሯል። ፒንሳውም፣ አምፖሉም እንደዚያው ለአፍ የሚከብድ። አንዱማ እናት የሚሰድብ ነው። ከዚያ ሁሉ አንድ እውነተኛ ስም አልነበረበትም። ሲቀልድብህ ነው የከረመው አለው አስተርጓሚው።

ቀልድ! እሳት ይብላውና፣ ይኸ ቀልድ ነው? ጠላት ቢሰድብ ወላሂ አይገርመኝም፣ ጠላት ነው። የተማረ መስሎ፣ ለመማር የመጣን ሰው ነጃሳ፣ ቆሻሻ ማጉረስ ግን ምን ይባላል?

ዘይኑ እቤት ሲገባ ውሃ ስጪኝ ብሎ አፉን ደጋግሞ ተጉመጠመጠ። ወደ ቢስቲማ ተመለስ፣ ነህውህን የሚወስድብህ የለም፣ ለስድብ ብለህ አትሙት አልኩት።

«ስድቡስ ይቅር፣ ሐዋ» አለኝ። «ቂራታችን ባበቃ ቁጥር እጄን ዘርግቼ ዱዓ አደርግለት ነበር። እሱም አብሮኝ እጁን ዘርግቶ አሜን ይል ነበር።»