ገና ነው የተባለው ገበቴ

አጎቴ እርጥብ እንጨት በቶርኖ እያዞረ ገበቴ የሚሠራ ሰው ነው። ሠፈሩ «ጋሽ ቀስ» ይለዋል። «እንደምን አደርክ» ብሎ እስኪጨርስ ምሳ ይደርሳል።

ከችኮላ ጋር የተጣላው ግን ያለ ነገር አይደለም። እርጥብ እንጨት ላዩ ቶሎ ይደርቃል፣ ሆዱ ገና ነው። ላዩ ልኮማተር ሲል ሆዱ እምቢ ይላል፣ እነሱ ሲጓተቱ፣ ጧ! ተሰነጠቀ። ስለዚህ አጎቴ የግንዱን እምብርት ቆርጦ ይጥላል፣ ገበቴውን መጀመሪያ ወፈር አድርጎ ይቀርጸዋል፣ የተቆረጠበትን ጫፍ ሰም ይቀባና በራሱ ፍቅፋቂ ቀብሮ በወረቀት ከረጢት ያስረዋል። ከዛ አልጋ ስር። ፀሐይ የለ፣ ነፋስ የለ። ቅዳሜ ቅዳሜ እያወጣ ይመዝነዋል፣ ቁጥሩን ቂጡ ላይ በእርሳስ ይጽፋል። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው፤ ያኔ ቶርኖው ላይ መልሶ ያሳሳዋል።

«እኔን በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን መዝኖኝ አያውቅም» ትላለች አክስቴ።

«አንቺማ አትቀንሺም» ይላታል።

አንድ ቀን የግቢያቸው ዛፍ በነፋስ ወደቀ። ያላቸው አንድ ሴት ልጅ ናት፣ ሠርጓ አራት ወር ቀርቶታል። «አባዬ፣ ከዚህ ዛፍ ገበቴ ካልሠራህልኝ ከዚህ ቤት አልወጣም» አለችው።

«እሺ። አትውጪ።»

እየቀለደ መስሏት ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ግንዱ ውስጡ በስብሶ ስለነበር ደህናው ለሁለት ገበቴ ብቻ በቃ። ሁለቱም አልጋ ስር ገቡ። እጮኛዋ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ለሠርጉ እንዲደርስ ብሎ አንዱን ሳይናገር ይዞ ሄደ፣ በሦስተኛው ቀን በዳቦ ከረጢት መለሰው። ከአፉ እስከ ቂጡ ተሰንጥቋል፣ እጅ ያሳልፋል።

«ምን አደረግከው?»

«ምድጃው አናት ላይ ጋሼ። ለብ ያለው ጋ ነው።»

«ለብ ያለው ጋ።»

«ቶሎ እንዲበስል ብዬ…»

«እንዲበስል።»

አክስቴ ደረቷን ያዘች። «ወይ ጉዴ! ልጃችንን ለዚህ ነው የምንሰጠው?»

«ግድ የለም፣ ልጃችን እርጥብ አይደለችም» አለ አጎቴ። ከዛ ወደ ጋጋሪው ዞረ። «የቀረውን አንተ ነህ የምትመዝነው። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እዚሁ መጥተህ። ቁጥሩን እሷ ታነባለች፣ አንተን አላምንም።»

ሠርጉ ያለ ገበቴ አለፈ፣ ልጅቷ ከቤት ወጣች። በማግስቱ አጎቴ ቶርኖውን አስነሳና ምንም ሳይሰካበት ዝም ብሎ ሲሽከረከር አየው። አክስቴ መጥታ አጠፋችው።

ቅዳሜ ሲሆን ግን ባልና ሚስት ዳቦ ይዘው ከች ይላሉ። ጋጋሪው አልጋ ስር ይገባል፣ ከረጢቱን ጎትቶ ያወጣል፣ ይመዝናል። እሷ ታነባለች። አጎቴ ይጽፋል። «ገና ነው» ይላል። አብረው ምሳ ይበላሉ። አንዳንዴ እራትም ይበላሉ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ወር ሞላ።

«አባዬ፣ ቆመ እኮ» አለች ልጅቷ። «ሦስት ቅዳሜ አንድ ቁጥር ነው። ደርቋል።»

አጎቴ መነጽሩን አደረገ፣ ቂጡ ላይ ያለውን ቁጥር በሙሉ ከላይ እስከ ታች አነበበ። ቀስ ብሎ። «አንድ ቅዳሜ ደግሞ እንየው።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበቴው አርባ ግራም ጨምሮ ተገኘ።

ጋጋሪው አፉን ከፈተ። «ጋሼ፣ እንጨት ይወፍራል እንዴ?»

ልጅቷ እጇን ከረጢቱ ውስጥ ሰደደች። ፍቅፋቂው አዲስ ነው፣ ገና ውሃው ያልደረቀ። አባቷን አየችው። አባቷ ጣሪያውን ያያል።

እርሳሱን ከእጁ ወስዳ ቁጥሩን ራሷ ጻፈች። ከረጢቱን ጥብቅ አድርጋ አሰረች፣ በእግሯ አልጋ ስር ገፋችው።

«ገና ነው» አለች።

«አላልኳችሁም?» አለ አጎቴ።

አክስቴ ከጓዳ ጮኸች፦ «ታዲያ ለቅዳሜ ምን ይሠራ?»