እረፍት የሌለው የጋሼ ከንፈር

ከወሎ ልንወጣ ዋዜማ፣ ሲመሻሽ፣ እህቴ ዘነበች ደጄ ላይ ቆማ የቤተሰቡን ሁሉ የክርስትና ስም ታስጠናኝ ነበር። «የእኔን እንዳትረሺ፣ የሟቹን ባሌንም፤ ለጋሼ ንገሪው፣ በጸሎቱ ያስበን» ትለኛለች። ጋሼ ታላቅ ወንድማችን ነው። በወጣትነቱ አእምሮው ታሞ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ገባ፤ ከዚያ ሲወጣ እንጦጦ ጸበል ሄደና እዚያው ቀረ። ከጸበሉ የተመለሰ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይነግረናል፤ ከንፈሩ ለአፍታ አያርፍም፣ ቀን ከሌት ይጸልያል። በረዶ የእኛን ማሳ ዘሎ የጎረቤት ሲመታ እንኳ የጋሼ ጸሎት ነው እንል ነበር።

እኔን ከአገሬ ያስነሳኝ የልጅ ልጄ የጽጌ ሕመም ነው። እንቅልፍ አጣች፣ እኛ ከማናየው ሰው ጋር ትነጋገር ጀመር። ከተማ ወስደን መርፌ ስትወጋ ትንሽ ረጋች። «በይ ጋሼ ዘንድ ውሰጃት» አሉኝ፣ ይዣት ወጣሁ።

ደብረ ብርሃንን እንዳለፍን አንገቷ ወደ ኋላ ይጎትታት ጀመር። አዲስ አበባ ገብተን ላምበረት መናኸሪያ ስንወርድ ፊቷ ወደ ሰማይ ተገትሮ፣ ዓይኗም ወደ ላይ ተሰክቶ ቀርቷል። ጆንያዬን ያነሳው ተሸካሚ መልሶ አስቀመጠውና አማተበ።

የአገራችን ልጅ የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየም ላይ አንድ ክፍል ፈልጋልን ነበር። አከራይቱ ጽጌን ትኩር ብላ አየቻት።

«ልጅቷ ጣሪያዬን ምን ታየዋለች?»

«አሟት ነው የኔ እመቤት።»

«ያ እርጥበት ከላይኛው ቤት ቧንቧ የመጣ ነው። በእሱ ሰበብ ኪራይ ይቀነስልን እንዳትሉኝ።»

«ኧረ እኛ ጣሪያም አላየን።»

«እንዴት አላየን ትያለሽ? ከገባች ጀምሮ ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም እኮ።»

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ እዚህ ውሃ እንደ ማኅበር ቀን ተቆርጦለት ነው የሚመጣው። ብርዱም የእኛን ብርድ አይመስልም፣ ሲሚንቶው ውስጥ ገብቶ ያድራል። እኛ ዘንድ ሰው ሲያመው ጎረቤት ይገባል፤ እዚህ ጽጌ ስታቃስት በየደረጃው በር ሲዘጋ ነው የሰማሁት።

ጠዋት፣ ከጋሼ በፊት አንገቷን ለማሳየት ሐኪም ቤት ሄድን። ካርድ ክፍል ያለው ሰውዬ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

«አድራሻ?»

«ወሎ።»

«የአዲስ አበባውን።»

«ትናንት ነው የመጣነው ልጄ፣ አውቶቡስ ላይ ነበርን።»

«አውቶቡስ ወረዳ የለውም እማማ።»

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ጽጌን እንዳየቻት ሌላ መርፌ አስወጋቻት። እኔ አቡነ ዘበሰማያት እየደገምኩ ሳለሁ አንገቷ ቀስ ብሎ ተመለሰ። «አያቴ፣ መሬቱን አየሁት» አለችኝ። እኛ አገር እንዲህ ያለውን መንፈሱ ለቀቃት ነው የምንለው፤ መንፈስ ደግሞ በመርፌ ሲለቅ አይቼ አላውቅም።

«መንፈስ አይደለም እማማ» አለችኝ ሐኪሟ ይሄንኑ ስነግራት። «በሽታዋን ያረጋጋላት መድኃኒት ነው አንገቷን የያዛት። ሁሉንም ሰው እንዲህ አያደርግም። አንዳንዱ ሰውነት መድኃኒቱን ቶሎ አያስወጣውም፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ይበረታበታል። ዘረ መል፣ በፈረንጅኛው ጂን የምንለው ነገር አለ፣ ከእናት ካባት የሚወረስ፤ አንዱ ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል። ከዘመዶቻችሁ እንዲህ ያለ መድኃኒት ወስዶ አንገቱ የተጣመመ፣ ወይ ምላሱ፣ ከንፈሩ ሳያዘው የሚንቀሳቀስ ሰው አለ?»

ከንፈር ስትል ጋሼ ትዝ አለኝ።

«የሚጸልይ ወንድም አለኝ» አልኳት።

ብዕሯን አስቀመጠች። «ሲተኛስ ይጸልያል?»

ይሄንን ማንም ጠይቆን አያውቅም። «ይጠይቁልኝ፣ ከመድኃኒት የመጣ ከሆነ ሲተኛ ያርፋል» አለች። «ያለ መድኃኒት ብትቆይ ሕመሙ ይመለስባታል፤ የማይስማማትን ደግሜ ብሰጣት ደግሞ እንደ ትናንቱ ልትሆን ትችላለች። የወንድምዎን ነገር ባውቅ ለመምረጥ ይረዳኛል።»

በማግስቱ ጽጌን ለአገራችን ልጅ አደራ ብዬ እንጦጦ ወጣሁ። ጋሼ ከባሕር ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ አንዲት ሴት ጉልበቱን ስማ ስትነሳ ደረስኩ። አርጅቷል። ከንፈሩ ያላምጣል፣ ምላሱ ብቅ ይልና ይመለሳል። ተላቅሰን ስናበቃ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ዳዊት ነው የምትደግመው?»

«ምንም አልደግምም።»

«ከንፈርህ ግን…»

«እሱ በራሱ ነው። ሐኪም ቤት መርፌ ይሰጡኝ በነበረ ጊዜ መጀመሪያ አንገቴን ጠመዘዘኝ። እሱ ሲለቀኝ ይሄ መጣ። እንቅልፍ ሲወስደኝ ብቻ ያርፋል ይሉኛል አብረውኝ የሚያድሩት።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተናገርክም?»

«ተናገርኩ እንጂ። ሊሳለሙኝ የሚመጡትን ይሄ ጸሎት አይደለም ስላቸው ትሕትናው አሉና ዳቦ ጨመሩልኝ።» ሳቀ፣ ሳቁም ከከንፈሩ ጋር ተጋጨበት። «ስጸልይማ አፌን በእጄ ይዤ ነው። አለዚያ ቃሉ ያመልጠኛል።»

ሐኪሟ ይሄን ስትሰማ የጽጌን መድኃኒት ለወጠችው፣ በትንሹም ጀመረችላት። «ዋስትና አይደለም፣ የአንድ እናት ልጆች እንኳ ይለያያሉ። ግን አውቀን እንጠነቀቃለን» አለችኝ። ለጋሼም ከንፈር የሚያስታግስ መድኃኒት አለ፣ ይምጣ ብላለች። ብነግረው «ከንፈሬ ካረፈ ማን ዳቦ ያመጣልኛል?» አለኝ። እስካሁን አልወረደም። ጽጌ ግን አንገቷ ቀጥ ብሏል፣ ይሄንንም እኔ እየተናገርኩ የምትጽፍልኝ እሷ ናት።

እሑድ ለዘነበች ደወልኩላትና ሁሉንም ነገርኳት።

«እትዬ፣ እንዲያ ከሆነ እስከ ዛሬ በማን ጸሎት ነው የኖርነው?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት።

«ስማችንንስ ነገርሽው?»

«አንድ በአንድ ነገርኩት። የባልሽንም።»

«ምን አለ?»

«አፉን በሁለት እጁ ያዘ» አልኳት።

ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ የዘነበችን ትንፋሽ ስሰማ ቆየሁ።