እናቴ ያየችው አንድ ፊልም

ልጅ እያለሁ ሸዋ በር አጠገብ በቆርቆሮ የተሠራ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። እናቴ በሩ ላይ የከሰል ምድጃ ላይ መጥበሻ ጥዳ ሳምቡሳ ትጠብሳለች፤ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሽንኩርት እልጥላታለሁ። የዚያን ጊዜ የሐረር ልጅ የነበረ ሁሉ ያን ሽታ የሚረሳው አይመስለኝም፤ የምስርና የቃሪያ፣ የጋለ ዘይት፣ ከውስጥ ደግሞ አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ የተቀመጠ ሰው ላብ።

እናቴ ፊልሙን የምትከታተለው በጆሮዋ ነበር። ሕንድኛ አንድ ቃል አታውቅም፤ ግን ከዘፈኑ ሠርጉ መድረሱን፣ ከልቅሶው ሰው መሞቱን ታውቃለች። የሕንድ ፊልም ረጅም ስለሆነ በሁለት ካሴት ነበር የሚመጣው። የመጀመሪያው ሊያልቅ ሲቃረብ ሙዚቃውን ሰምታ ሳምቡሳውን ዘይት ውስጥ ትጨምራለች፤ ተመልካቹ ለእረፍት ሲወጣ ትኩሱ ይጠብቀዋል። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።

ቅዳሜ ቅዳሜ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ጋሽ መህዲ እኔን በነፃ ያስገቡኛል። ቤት ስንገባ ያየሁትን እተርክላታለሁ። እሷ ግን ስለ ፍቅሩም ስለ ድብድቡም ብዙ ግድ የላትም።

«እሱን ተይውና፣ ሠርጉ ላይ ምን ቀረበ?» ትለኛለች።

ቢጫ ሩዝ፣ ከላዩ ዘቢብ የተበተነበት፣ በትልቅ ትሪ፣ ካልኳት በማግስቱ ጊደር መጋላ ገበያ ወርዳ እርድና ዘቢብ ገዝታ ትመጣለች። ሠርታ ስታቀርብልኝ ዓይን ዓይኔን እያየች «እንዲህ ነው?» ትላለች። እኔም ፊልሙ ውስጥ ገብቼ የቀመስኩ ይመስል «ትንሽ ይቀረዋል» እላለሁ። የሦስት ዓመቱ ወንድሜ ቢኒያም ግን ምንም ሳያስቀር ይበላዋል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ መህዲ በሩ ላይ ቆሙ።

«አስካለ፣ ወላሂ አፈርኩ! ሁለት ዓመት ደጄ ላይ ተቀምጠሽ አንድ ፊልም አላየሽም። ዛሬ ገብተሽ ታያለሽ።»

እናቴ ምድጃውን አየች፤ ቢኒያምን አየች።

«እኔ አለሁ» አልኳት። «ዘይቱንም እሱንም እጠብቃለሁ። ግቢ እማዬ፣ በሞቴ።»

ነጠላዋን አራግፋ ገባች።

ትንሽ ቆይቶ ሳቋን ሰማሁ። እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼያት አላውቅም። ፊቷን ማየት ፈለግሁ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አንገቴን አስገባሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰዎች ምግብ ከበው ይጎራረሳሉ፤ እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ እንደ ልጅ ትስቃለች። እሷን እያየሁ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። የመለሰኝ የቢኒያም ጩኸት ነው። መጥበሻውን ስቦት ነበር።

ጋሽ መህዲ አቅፈውት ወደ ሆስፒታል ሮጡ፤ እናቴ ባዶ እግሯን ከኋላቸው። ቢኒያም ተረፈ። የቀኝ እጁ ጣቶች ግን ተጣብቀው ቀሩ።

አባቴ ሾፌር ስለነበር የደረሰው በሁለተኛው ቀን ነው። «ማነው ልጁን እሳት ዳር ጥሎት የሄደው?» አለ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ።

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ። «ፊልም ልይ ብዬ።»

ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም። አባቴ እስኪሞት ድረስ ይቅር አላላትም። ቢኒያምም ያደገው ያንኑ እየሰማ ነው፤ ሲያድግ ድሬዳዋ ገባና ለበዓል እንኳ እሷ ዘንድ መምጣት ተወ። እናቴ ከዚያ ወዲያ ሳምቡሳም አልጠበሰች፣ ፊልምም አላየች። ድምፅዋ ብቻ ነው ቤቱ ውስጥ የቀረው፤ እሱም አልፎ አልፎ።

ባለፈው ዓመት ስትታመም ለቢኒያም እውነቱን ልነግረው እንደሆነ ነገርኳት። እጄን አጥብቃ ያዘችኝ።

«እኔን ካጣኝ ቆይቷል» አለች። «አንቺን ደግሞ አይጣ። ማይልኝ።»

ማልኩላት። በሦስተኛው ሳምንት ቀበርናት። ቢኒያም መጣ፤ ቀኝ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ራቅ ብሎ ቆመ። አላለቀሰም። ማታ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ «ለእኔስ እናቴ አንቺ ነሽ» አለኝ። ተነሥቼ ቡና ቀዳሁለት።

ዛሬ ያ ቪዲዮ ቤት የሞባይል መሸጫ ሆኗል። ልጆቼ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ፊልም በየስልካቸው እያዩ እራት ይበላሉ፤ ምን እንዳዩ የሚነግረኝ የለም፣ እኔም አልጠይቅም። ቢኒያም በየሳምንቱ ይደውላል። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» ይለኛል። ያኔ ዝም ያልኩት አሥር ዓመቴ ስለነበርና አባቴን ስለፈራሁ ነው። አሁን አርባ ሊሞላኝ ነው፤ አባቴም የለም። መሐላዬ ነው የያዘኝ እላለሁ ለራሴ። ስልኩን ስዘጋ ግን ውሸቴን እንደሆነ አውቃለሁ።