ጠበል የነካት መኪና

ልጅ እያለሁ፣ በትንሿ ከተማችን በመካነ ኢየሱስ መኪና ያልሠራ ልጅ አልነበረም። ሽቦ ለሻንሲ፣ ቆርኪ ለጎማ፣ የሳርዲን ቆርቆሮ ለአካል፤ ከዚያ በረጅም ሽቦ እየገፉ በአፍ «ጡርርር» ማለት ነው። ነዳጁም ሞተሩም የራሳችን ምራቅ ነበር። የእኔና የጓደኛዬ የደሴ መኪና ግን የተለየች ነበረች። በባትሪ የምትሄድ፣ በሪሞት የምትታዘዝ፣ ጉብታ የምትዘል መኪና ነበረችን። ስለ እሷ ሳወራ ከተሜው አያምነኝም። የአገሬ ሰው ያምነኛል፤ የሚያስታውሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ልቤን የሚሰብረውም ይኸው ነው።

ደሴ የየኔታ ልጅ ነው። የኔታ የምንላቸው አባቱ ቄስም መሪጌታም ነበሩ፤ ከኪዳነ ምሕረት አጸድ አጠገብ ወንበር ዘርግተው ዜማ ያስተምራሉ። ደሴ እግራቸው ሥር ሆኖ ዳዊት ደግሟል፣ ጾመ ድጓም ጀምሯል፤ ድምፁ ደግሞ ያባባል። የአባቱ ሐሳብ ከአስኳላ አውጥተው የድጓ ምስክር ቤት ወዳለበት ቤተልሔም ልከውት፣ ድጓ አስመስክሮ ወንበራቸውን እንዲወርስ ነው። የደሴ ሐሳብ ግን ኢንጂነር መሆን ነበር። ይህ ቃል ቤት ውስጥ በተነሣ ቁጥር የኔታ እንደ ባለቅኔነታቸው ቃሉን ይሰነጥቁትና፣ «‹እንጂ› ያለበት ሥራ አይጸናም ልጄ» ብለው ይስቁ ነበር። ደሴም አብሯቸው ይስቅና ጓሮ ዞሮ ያኮርፋል።

መኪናዋን ያመጣችው አክስቱ ናት። ዐረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ፣ የአሠሪዎቿ ልጅ ሰባብሮ የጣላትን መኪና ለደሴ ብላ በሻንጣዋ ይዛ መጣች። ጎማ የሚይዙት ክንዶቿ ተሰባብረዋል፣ ባትሪ የላትም፣ ጎማዎቿ የሉም። ደህና የነበሩት ሪሞቱ፣ መቆጣጠሪያ ሳጥኗና ሞተሩ ብቻ ናቸው። ሞተሩ ላይ በእንግሊዝኛ «ብሩሽለስ» ተብሎ ተጽፏል። መዝገበ ቃላት ገለጥን፤ ብሩሽ የሌለው ማለት ሆነ። «ለካ ብሩሹ ጠፍቶ ነው የጣሏት!» ብለን ደመደምን። የጥርስ ይሁን የጫማ፣ የቀለም ይሁን የልብስ ሳናውቅ፣ ሞተር ውስጥ የሚገባ ብሩሽ ፍለጋ ያን ክረምት ሱቅ ለሱቅ ዞርን። አንዱ ባለሱቅማ የጺም መላጫ ብሩሽ አውጥቶ፣ «ይኼ ለአውሮፕላንም ይሆናል» ብሎ ተጫወተብን።

በኋላ ደሴ የተጣለ የቴፕ ሞተር ፈታና ውስጡ እየታከኩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉ ትንንሽ ከሰሎች አገኘ። ብሩሽ የሚባሉት እነሱ ነበሩ። የእኛ ሞተር ግን የሚታከክ ነገር አያስፈልገውም፤ በሦስት ሽቦ በየተራ እየተሳበ ይዞራል። ጉድለት ያልነው ነገር ብልጫው ነበር ማለት ነው። ደሴ ይህ የገባው ቀን መሬት ላይ ተንከባሎ ሳቀ። እኔ እንዲገባኝ ደግሞ እሱ መሐል ቆሞ ጓደኞቻችንን ዙሪያውን አቁሞ በየተራ እጁን እያስጎተተ አዞረልኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ስለ ሞተር የማውቀው ሁሉ መነሻው ያ ነው።

ከዚያ ሥራ ጀመርን። ክንዶቿን ከወይራ ጠረብን። ጎማዋን ከአባቴ አሮጌ በረባሶ ቆረጥን፣ አካሏን ከቢጫ የዘይት ጀሪካን። ሞላዋን ከተበላሹ የባትሪ መብራቶች ለቀምን። ሞባይል ጠጋኙ የሚጥላቸውን የላፕቶፕ ባትሪ ፍሬዎች ለምነን፣ ነፍስ ያላቸውን መርጠን፣ በካውያ ስታኞ እያቀለጥን አያያዝናቸው። የወይራ ፍቅፋቂና የስታኞ ጭስ ሲቀላቀል የሚሰጠውን ሽታ እንዴት ብዬ ልናገረው? ዛሬም ሥራ ቦታዬ ካውያ ስለኩስ ወይራው ይጎድልብኛል።

ስትበራ በሞተሯ ሦስት ዓይነት ድምፅ «ጢ… ጢ… ጢጥ» ትል ነበር። ደሴ የየኔታ ልጅ አይደል፣ ድምፆቹን በሦስቱ የዜማ ስልቶች «ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ» ብሎ ሰየማቸው። አውድማ ላይ መጀመሪያ ስንለቃት ወደ ኋላዋ ሄዳ ገለባ ውስጥ ተቀረቀረች። ደሴ ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱን አለዋወጠና ወደ ፊት መለሳት። ከዚያማ ምን ልበላችሁ፤ አቧራውን እያስነሣች፣ ጉብታውን እየዘለለች፣ ውሾቹን ሁሉ ከመንደር አስወጣቻቸው።

ወሬው የኔታ ዘንድ ደረሰ። ደሴም የቤተልሔሙ ጉዞ እየቀረበ ነበርና እንዳይልኩት ደፍሮ ለመናቸው። የኔታ ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያው አምጣና አሳየኝ። ልቤ ከወደደው አስኳላህን ትቀጥላለህ። ካልወደደው ግን በጥር ትሄዳለህ፤ አታስቸግረኝ» አሉት። ቃላቸው ቃል ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣ ከአጸዱ በታች ያለው አውድማ ላይ ተሰበሰበ። ደሴ ሪሞቱን ያዘ። ለቀቃት። እንደዚያን ቀን ሮጣ አታውቅም። እርከኑን ዘላ ስታርፍ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ «እሰይ!» አሉ። የኔታ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ደሴ አዙሮ አምጥቶ እግራቸው ሥር አቆማት፤ ሪሞቱን መሬት አስቀምጦ መስቀላቸውን ተሳለመ። እሳቸውም ራሱን ዳበስ አድርገው፣ «‹እንጂ› የሌለበት ሥራ ነው» አሉት። ደሴ ዞሮ አየኝ። እንዲያ ያለ ደስታ የሰው ፊት ላይ ደግሜ አላየሁም።

እዚያው በቆመ ኖሮ! ነገር ግን የኔታ አባት ናቸው፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ዓይኑን ተክሎባታል። «የሰው ዓይን ክፉ ነው፣ ይጠብቅልህ» አሉና ከጋቢያቸው ሥር በጠርሙስ የያዙትን ጠበል አውጥተው፣ በስመ አብ ብለው፣ በፍቅር፣ ሳይሰስቱ አፈሰሱባት።

መኪናዋ ጮኸች። ከዚያ በፊት ሰምተነው የማናውቀው ቀጭን፣ የሚሰነጥቅ ጩኸት ነበር። ሪሞቱን ማንም ሳይነካው ተንፈራገጠች፣ ወደ የኔታ እግር ተወረወረች፣ ተገለበጠች፤ ከጀሪካኑ ሥር ጥቁር ጭስ ወጣ። ከዚያ ጸጥ አለች። ጠበል ሲነካው የሚጮኸው፣ የሚንፈራገጠውና ጭስ ሆኖ የሚወጣው ምን እንደሆነ በእኛ አገር ሕፃንም ያውቃል። ሕዝቡ ወደ ኋላው ሸሸ። የኔታ ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

ደሴ ዘሎ መኪናዋ ላይ ወደቀና፣ «አባባ፣ ውሃው ነው! ውሃው አቃጠለው!» ብሎ ጮኸ።

ሌላ ቃል ጠፍቶ ይህ ቃል! እርኩስ መንፈስ ጠበል ሲፈስበት «ተቃጠልኩ» ብሎ እንደሚለፈልፍ የማያውቅ ማን አለ? ደሴ መቆጣጠሪያዋን ማለቱ ነበር፤ ሰዉ የሰማው ግን ምስክርነት ነው። «አፉ መሰከረ!» አለች አንዲት ሴት። ሌሎቹ እልል አሉ። ጓደኛዬ እያለቀሰ የኪዳነ ምሕረት አውድማ በእልልታ ተናወጠ። የፊዚክስ መምህራችን ነጠላቸውን አደግድገው እዚያው ቆመው ነበር፤ ዓይን ዓይናቸውን አየኋቸው፣ አንገታቸውን ደፉ።

በማግስቱ የኔታ ቤት ሄጄ፣ ውሃ ገመዶቹን አገናኝቷቸው ነው ብዬ አስረዳሁ። አልተቆጡኝም። እስክጨርስ ሰሙኝና እንባ ባቀረሩ ዓይኖቻቸው እያዩኝ፣ «ልጄ፣ አንተም ተጠመቅ» አሉኝ። እናቴም አስጠመቀችኝ። ደሴን ግን ጠበል ቦታ አክርመውት፣ ከዚያው በቀጥታ ወደ ቤተልሔም ላኩት። ሳንሰነባበት ሄደ።

ዛሬ ባሕር ዳር የኤሌክትሪክ ባጃጅ እጠግናለሁ። ያ ብሩሽ አልባ ሞተር አሁን ያልገባበት የለም፤ ሠርግ ላይ ከሙሽሮቹ በላይ የሚበረውን ካሜራ ወደ ላይ የሚያነሣው እሱ ነው። ሲጮህ ቄሶቹም ሽማግሌዎቹም ቀና ብለው እያዩ ፈገግ ይላሉ። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ያለጊዜያችን ያበራነው ነገር ትዝ ይለኛል።

አምና የኔታ አረፉ፤ ለልቅሶ ሄድኩ። ደሴ ነጭ ጥምጥም ጠምጥሞ፣ በእንግዳ ተከብቦ ተቀምጧል፤ ወንበሩን ወርሷል። «እግዚአብሔር ያጥናዎት» ብዬ መስቀሉን ልሳለም ጎንበስ ስል፣ «አንተ! አንቱ ትለኛለህ?» ብሎ አቀፈኝ። ድምፁ ያው ነው፤ ያባባል። አጠገቡ አስቀመጠኝና ሰዉ ቀለል ሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አባቴ እስኪሞቱ ይጸልዩልን ነበር፤ ለአንተም ለእኔም» አለኝ። «ያ ነገር ስሙን ሳይናገር ነው የወጣው እያሉ ይሰጉ ነበር።»

ይስቅ እንደሆን ፊቱን አየሁት። አልሳቀም። ሦስቱን ሽቦ ያስተማረኝ ልጅ ያለ እንደሆነ ዓይኑ ውስጥ ፈለግሁት።

«ደሴ፣ ያ እኮ…» ብዬ ጀመርኩ።

ጉልበቴን መታ መታ አደረገና፣ «ተወው ወንድሜ፤ እንኳን ወጣልን» አለኝ።

አባቱን ገና የቀበረ ሰው ነው፤ ምን ብዬ ልከራከረው? «አሜን» አልኩ። ያንን አሜን ያልኩበት አፍ እስካሁን ይመረኛል።