ከታሸገ ፖስታ ጋር ወደ ባለ ራእይዋ ቤት

ቅዳሜ፣ ንጋት 12፡30፣ ማውንትሌክ ቴራስ

ከሲያትል በስተሰሜን ካለችው ማውንትሌክ ቴራስ በስተደቡብ እስካለው ሬኒየር ቫሊ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አማቱን ይዞ የሚጓዝ ሰው ግን ሰዓት ባይቆጥር ይሻለዋል። እማማ የሺ የባለቤቴ የሄለን እናት ናቸው። ገና ሳይነጋ ለብሰው፣ ጫማቸውን አስረው፣ የእጅ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሳሎን ተቀምጠው ጠበቁኝ።

የጉዞው ምክንያት እኔ ነኝ። ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ በቤተ ክርስቲያናችን የቅዳሜ ጥናት አስተምራለሁ። ርእሱ የጥንት እስራኤላውያን ጥንቆላና ኦሪት የከለከለበት ምክንያት ነው። ርእሱን የመረጥኩት በንዴት ነው። ዘንድሮ ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ "ቃል አምጡልኝ" እያለ ከአንዱ ነቢይ ወደ ሌላው ሲዞር አይቼ አንጀቴ አረረ።

ሦስት ሰዓት ለሚጀምር ጥናት በ12፡30 የምንወጣው ደግሞ በእማማ ምክንያት ነው። "ማርታ ጋ ጎራ ብለን ዳቦ ቆሎ እናድርስላት" አሉ። ማርታ የቤተ ክርስቲያናችን እህት ናት፤ አዛውንት ትጠብቃለች፤ ንጋት ላይ በስልክ በሚደረገው የጋራ ጸሎት ድምፅዋ አይጠፋም። ሰዎች "ታያለች" ይሏታል። እኔም ምክንያቱ ዳቦ ቆሎው ነው ብዬ አመንኩ።

መኪናውን ሄለን ለሥራ ይዛው ሄዳለች። ካፊያ አለ። ለእኔ ሦስት ዶላር፣ ለእማማ በአዛውንት ካርዳቸው አንድ ዶላር ከፍለን ገባን።

12፡45፣ ኖርዝጌት

የበረዶ ሸርተቴ ጫማ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ልጆች ከነወላጆቻቸው ተሳፈሩ። አንዱ አባት የያዘው የቡና ኩባያ ከባቡሩ ጋር ይወዛወዛል። ከዚህ በኋላ መንገዱ ወደ ምድር ውስጥ ስለሚገባ የሚታይ ነገር የለም፤ ስለዚህ ትምህርቴን እማማ ላይ ተለማመድኩ።

የጎረቤት አገር ሰዎች የበግ ጉበት አይተው ጦርነት ይወጡ እንደነበር ነገርኳቸው። "የእኛ አገር ሞራ ገላጭ ነዋ" አሉ፤ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። እስራኤላውያን ዕጣ ይጥሉ ነበር፤ ሊቀ ካህናቱ በደረቱ ይዞት በሚሄደው፣ ኡሪምና ቱሚም በሚባለው ዕጣ አምላክን ይጠይቁ ነበር፤ ይህ ተፈቅዷል። ሞራ መግለጥ፣ መተት፣ ሙታን መጥራት ግን ተከልክሏል። ንጉሥ ሳኦል ራሱ ጠንቋዮችን ከአገር አባርሮ፣ ጦርነት ሲመጣበት ጌታን ጠይቆ መልስ ቢያጣ፣ ልብሱን ለውጦ የሞተ ሰው የምትጠራ ሴት ቤት ሄደ።

"ሳኦል ግን ፈርቶ ነው" አሉ እማማ።

"አዎ፣ ፈርቶ ነው።"

"የፈራ ሰው ይፈረድበታል?"

አስተማሪ ነኝና ረጅም መልስ ጀመርኩ። እሳቸው ግን አልሰሙኝም። ቦርሳቸውን ከፍተው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አወጡ፤ የቆዳ ልባሱን ዚፕ ከፈቱና ከውስጡ ነጭ ፖስታ አሳዩኝ። የክሊኒኩ ስም አለበት። አልተከፈተም።

ከሦስት ሳምንት በፊት እማማ የጡት ራጅ ተነሥተው ነበር። ከዚያ "አንድ የምናጣራው ነገር አለ" ተብለው ድጋሚ ተጠሩና ሌላ ተነሡ። ሄለን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። በየቀኑ የፖስታ ሳጥኑን ትከፍታለች፤ ውጤቱ ዘገየ ትላለች።

"መቼ መጣ?" አልኳቸው።

"ስምንት ቀኑ ነው።"

"እማማ፣ ለምን አልሰጡንም?"

"ማርታ ታየው ብዬ ነዋ። ክፉም ቢሆን እሷ ስትነግረኝ ከነመጽናኛው ነው። ወረቀት መጽናኛ የለውም።" ፖስታውን እያገላበጡ ጨመሩ፦ "ደግሞ ሁለት ጊዜ ስልክ ተደውሎልኝ ነበር። የማላውቀው ቁጥር ስለሆነ አላነሳሁም።"

ክሊኒኩ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ለደኅና ነገር ሁለት ጊዜ ማን ይደውላል? እንክፈተው አልኳቸው። እጃቸውን ፖስታው ላይ ጫኑበት።

"የዛሬውን ትምህርት እያወቁ?" አልኩ።

"ለዚህ አይደል ከትምህርቱ በፊት የምንሄደው? ካስተማርከኝ በኋላ ብሄድ እያወቅሁ አጠፋሁ ማለት ነው።"

የትምህርት ማስታወሻዬን አጥፌ ክንዴ ሥር ያዝኩት።

1፡30፣ ሬኒየር ቫሊ መግቢያ

ባቡሩ ከመጨረሻው ዋሻ ወጥቶ ከፍ ባለ ሐዲድ ላይ ሲሮጥ፣ ሰማዩ ከጠራ የሬኒየር ተራራ በደቡብ በኩል ይታያል። የሲያትል ሰው ያን ቀን "ተራራው ወጣ" ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ዋሻው ውስጥ ሳለን በልቤ "ተራራው ከታየ ደኅና ናቸው" ብዬ ነበር። ስንወጣ በመስኮቱ አንገቴን እስኪያመኝ አሰገግሁ። ደመና ብቻ ነው። በእውነት ፈራሁ። ከዚያ ክንዴ ሥር ያለውን የትምህርት ማስታወሻ አየሁና አፈርኩ። ሞራ ገላጭ ቢያንስ በግ ያርዳል፤ እኔ በሦስት ዶላር ትኬት ደመና ስገልጥ ነበር።

ወርደን በእግር ሄድን። ሱቆች እየተከፈቱ ነው። አንዱ ባለ ሱቅ የማንጎ ካርቶን ያወጣል፤ በሩ ላይ ሳምቡሳ ሁለት ዶላር ተኩል የሚል በእጅ የተጻፈ ወረቀት ለጥፏል። እማማ ዳቦ ቆሎውን በደረታቸው አቅፈው ከፊቴ ይራመዳሉ። ሳኦልም በወጣትነቱ የጠፉ አህዮች ፍለጋ ባለ ራእዩ ጋ ሲሄድ ባዶ እጁን አልሄደም።

1፡50፣ ማርታ ቤት

ማርታ ከሌሊት ሥራ ገና መግባቷ ነው፤ የሥራ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። እማማን ስማ አስቀመጠቻቸው። ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ ግን ፊቷ ተለወጠ።

"እይልኝ ልጄ" አሉ እማማ።

"እማማ የሺ፣ እኔ እጸልያለሁ እንጂ አላይም። በዚህ ሳምንት ስንቱ ኮል እንዳደረገኝ ቢያውቁ! አንዷማ የትኛውን አፓርትመንት ሬንት ላድርግ አለችኝ።"

"ለእህት አልማዝ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቷ ይመጣል አልሻት፤ መጣላት።"

"ተስፋ ሰጠኋት። ለሌላም ሰው እንዲሁ ብዬ አልመጣለትም፤ እሱን ማንም አያወራም።" ወደ እኔ ዞረች። "ወንድም ታምራት፣ የዛሬው ርእስ ሳኦል አይደል?"

"ነው።"

"ሶ፣ ሳኦል የሄደው መልስ ስላጣ ነው። የእርስዎ መልስ እኮ እማማ፣ ቦርሳዎ ውስጥ ነበር።"

እማማ መሬት መሬቱን አዩ። ማርታ አጠገባቸው ተንበረከከችና እጃቸውን ይዛ አጭር ጸሎት ጸለየች፤ ምን ተገለጠልኝ ሳትል አሜን አለች። ከዚያ የወጥ ቤት ቢላ አምጥታ ፖስታውን ቀደደችውና ሰጠችኝ።

አነበብኩ። ለራሴ አንድ ጊዜ፣ ጮክ ብዬ ደግሞ በአማርኛ፦ የካንሰር ምልክት አልተገኘም። ለተለመደው ምርመራ በዓመቱ ይመለሱ።

"እንደገና" አሉ እማማ። ሦስት ጊዜ አነበብኩላቸው። ሻሻቸውን ፈትተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

"ለካ ስምንት ቀን ሙሉ ደኅና ነበርኩ" አሉ።

ማርታ ሳቀች፤ ወዲያው አለቀሰች። እኔም ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ፤ በረንዳ ወጥቼ ለሄለን ደወልኩ፤ ነገርኳት። ስመለስ ዳቦ ቆሎው ተጋምሷል።

3፡00፣ ጥናቱ

ያዘጋጀሁትን አላስተማርኩም። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። በደመና መጠንቆሌን ለተማሪዎቹ ነገርኩ፤ ሰው ሳቀ። ቀጥለው እማማ ሳይጠየቁ ተነሥተው የፖስታውን ነገር ከነስምንት ቀኑ ተናገሩ። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ቦርሳዋን ከፍታ የታሸገ ፖስታ አወጣች፤ አየችውና ቀደደችው። ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

6፡00፣ መልስ ጉዞ

ሰማዩ ጠርቷል። ባቡሩ ከፍ ያለው ሐዲድ ላይ ሲወጣ ሰው ሁሉ ስልኩን ወደ መስኮቱ አነሣ። ተራራው ወጥቷል፤ ከላይ እስከ ታች ነጭ ነው።

"ጠዋት የፈለግኸው ይሄን ነው?" አሉ እማማ።

"ይሄን ነው።"

አዩት። "ያምራል" አሉና ዓይናቸውን ጨፍነው መስኮቱን ተደገፉ።

ኖርዝጌት ስንደርስ ስልካቸው ጮኸ። ቁጥሩን አሳዩኝ፤ እኔም አላውቀውም። እማማ ትንሽ አመነቱ፤ ከዚያ አነሡት። አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ስለ መኪናቸው ዋስትና ይለፈልፋል። ጨርሶ እስኪናገር ጠበቁት።

"መኪና የለኝም፣ ልጄ" አሉት በአማርኛ። "እኔ ግን ደኅና ነኝ።"