የመብራት ፖል አመድና የእህቴ በቆሎ

ኧረ እንዳትስቁ! አመድ ደግሞ ላም ይገድላል ወይ ትሉኛላችሁ። ድሮም ሰው በቆሎውን በአመድ እያሸ ነው ከነቀዝ ያዳነው፣ ማን ሞተ? እሺ፣ ማንም። ታዲያ የእህቴን ላም ምን ገደላት? ተናገሩ እንጂ! ዝም ካላችሁ ስሙኝ።

እኔ መቱ ውስጥ እንጨት ፈላጭ ነኝ። አራተኛ ክፍልን ሦስቴ ስለተማርኩት ስድስተኛ እንደደረስኩ ነው የምቆጥረው። መጥረቢያ ላይ ግን ከጎሬ እስከ ቡሬ የሚደርስብኝ የለም። የምኖረው ወደ ቡሬ መውጫ፣ ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆቿን የምታሳድገው በጓሮዋ በቆሎና በአንዲት ላም ነው።

ያን ዓመት የመብራት መስመር የሚቀይሩ ሠራተኞች መጥተው አሮጌ ፖሎቹን ነቀሉና ጉማጁን መንገድ ዳር ትተው ሄዱ። ሦስቱን ብቻዬን ተሸክሜ አመጣሁ። ስፈልጠው ዳር ዳሩ አረንጓዴ ነው። ደረቅ ሆኖ አረንጓዴ!

"እትዬ፣ ይሄ እንጨት ተቆርጦም ሊበቅል ያስባል" አልኳት፤ ሳቅን።

ስናነደው ጭሱ ጉሮሮ ይቧጥጣል። የቱ ጭስ ነው የማይቧጥጠው? አመዱን ነፋሁና አዲሱን በቆሎ ጎተራ ሳይገባ በደንብ አሸሁላት። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ነቀዝ የለም! አሮጌው እስኪያልቅ ብለን አልነካነውም፤ እኔ ብቻ ሥራዬ እንዲታይ እየዘገንኩ ቆሎ እቆላለሁ። ጎረቤታችን፣ ባለሱቁ ጋሼ፣ በነቀዝ ሲማረሩ አገኘኋቸው።

"ጋሼ፣ እርስዎ ቤት ነቀዙ ሠርግ ደግሷል፤ እኛ ቤት ለለቅሶ እንኳ የመጣ የለም።"

"ምን አድርገህበት ነው አንተ?"

"ሙያ ነዋ!"

ከዚያ አንድ ቀን ላሟ ገመዷን በጥሳ ከጓሮ የተቆለለውን ትርፍ አመድ ስትልስ አየኋት። ጨው አማራት ብዬ አለፍኩ። በማግስቱ ጠዋት እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ እበቷ ውሃ ሆኗል። እህቴ ደግሞ ያን ዕለት ጎተራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍታ፣ አንድ ሳፋ በቆሎ ይዛ ወፍጮ ቤት ሄዳለች። የከብት ሐኪሙን ጠርቼ ስመለስ ላሟ ወድቃለች።

"ምን በላች?"

"አመድ ነው የላሰችው ዶክተር። አመድ ብቻ።"

"የምን እንጨት?"

ጉማጁን አሳየሁት። አረንጓዴውን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገና ፊቱ ተለወጠ። "ፖል ምስጥ እንዳይበላው መድኃኒት ያስገቡበታል። አርሴኒክ የሚባል መርዝ አለው። ሲነድም አመዱ ውስጥ ይቀራል። ከላሰችው ሌላ አመዱ የታለ?"

በጣቴ ጎተራውን አሳየሁት።

"ሂን ኛቲና!" አለ፤ በኦሮምኛ ያልበቃ ይመስል በአማርኛ ደገመው፤ "እንዳትበሉት!"

ወፍጮ ቤት በሩጫ ደረስኩ። እህቴ ዱቄቱን ተሸክማ እየወጣች ነው፤ ገና ትኩስ ነው። "እትዬ አውርጂው!" ስል ሰው ሁሉ አበደ አለኝ። ቤት ስንመለስ ላሟ ሞታለች። እህቴ ላሟን አይታ ወደ ሐኪሙ ዞረች።

"በቆሎውን ባጥበውስ?"

"ሙሉ በሙሉ አይለቅም።"

"ብቀቅለውስ?"

"እሳት ያላጠፋውን ውሃ ያጠፋዋል?"

"ይሸታል?" አልኩ እኔ።

"አይሸትም፣ አይመርም።"

"ታዲያ መኖሩን በምን አወቅክ?"

"ላሟ ነገረችኝ" አለ። "በቆሎው ላይ ስንት እንዳለ ላብራቶሪ ካላየው እኔም አላውቅም። ለልጆቼ ግን አላበላም።"

"እሺ፣ ቀድሜ እኔ ልብላው! ካልሞትኩ ልጆቹ ይበላሉ።" እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። ተስፋ አድርጋ ነበር።

"ዛሬ ባትሞትም ምንም አታረጋግጥም" አለ። "ላሟ ብዙ ስለላሰች ወዲያው ገደላት። ትንሽ ትንሹ ደግሞ በዓመታት ነው የሚጎዳው። መዳፍና እግር ላይ ቆዳ ይጠጥራል፣ ይቆያል ይቆያልና ካንሰርም ያመጣል።"

እዚህ ጋ ጠፋሁ። አንዱ መርዝ ላም በአንድ ቀን ይገድላል፣ እኔን ደግሞ ቀጠሮ ይሰጠኛል? ቆሎውን ሳምንታት ሙሉ ቆርጥሜያለሁ! መዳፌን አየሁት፤ ድንጋይ ነው። ግን ከልጅነቴ ጀምሮ በመጥረቢያ የጠጠረ መዳፍ ነው፣ በምን ልለየው? ጤና ጣቢያ ሄጄ ባሳይም "ሥራህ ምንድነው?" ብለው ሳቁብኝ። እስካሁን ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ፤ አንዳንዴ ደህና ነኝ፣ አንዳንዴ ያበቃልኝ ይመስለኛል።

ያን ዕለት እህቴ ግን "ቆፍር" አለችኝ። ሐኪሙ ከጉድጓድ ውሃም ከምንጭም የራቀ ቦታ አሳየኝ፤ ጋሼም አካፋ ይዘው መጡ። እስከ አንገቴ ቆፈርኩ። ላሟ ገባች፣ አመዱ ገባ፣ ጉማጁ ገባ፣ ጎተራው ተራገፈ። ዱቄቱን ማንም እንዲነካባት አልፈለገችም፤ ራሷ ደፋችው። ትልቋ ልጇ "እማዬ፣ ምሳስ?" አለች። እኔ፣ በለቅሶ ቤት እንኳ ሰው የማስቅ፣ አፈሩን መመለሴን ቀጠልኩ። በማግስቱ መጥረቢያዬን ይዤ ወጣሁ፤ እስከ እሸት ድረስ ክፍያዬን በበቆሎ ብቻ ተቀበልኩ፣ አንድም ቀን ልጆቹ ጦም አላደሩም።

ይሄንንም ጉራ ነው በሉ። ቡሬ መውጫ ሂዱና ጋሼን ጠይቁ፤ አፈሩን የመለሱት ከኔ ጋር ነው። ባለወፍጮውን ጠይቁ፣ ሐኪሙንም ጠይቁ። እህቴንም ጠይቁ፣ ከደፈራችሁ!