ከገንዘቡ ጋር የሚመጣው ወሬ

ሰፈሩ «ደራሽ» የሚለውን ሰው አረፍ ብሎ ያየው የለም። ሥራው መንገድ ነበር። ውጭ አገር በሰው ቤትና በግንባታ የሚሠሩት ልጆች ደመወዛቸውን እዚያው ላለ የአንድ ጨርቅ ነጋዴ ወንድም ይሰጣሉ፤ ነጋዴው እዚህ ሱቁ ሆኖ በአገሩ ገንዘብ ይከፍላል፤ ደራሽ ደግሞ የደረት ኪሱ ውስጥ ወሽቆ ለየቤቱ ያደርሳል። ለምን በባንክ አይልኩም የሚል ሞኝ አልነበረም፤ የባንኩ ምንዛሬ ከነጋዴው ጋር ሲተያይ መሳቂያ ነበር።

ደራሽ ታዲያ ገንዘብ ብቻ አያደርስም። እጁን ወደ ኪሱ ከመስደዱ በፊት ወሬ ማውራት ደንቡ ነው። እናቶች ወንበር ጠርገው ያስቀምጡትና ዓይን ዓይኑን ያዩታል። «ደህና ናት፤ እንዲያውም ወፈር ብላለች» ይላል አፉን ሞልቶ። ውሸቱን ነው። ልጆቹ ሲከፋቸው የሚደውሉት ለእሱ ነውና እውነቱን አሳምሮ ያውቃል። የአንዷን ፓስፖርት አሠሪዋ ቆልፋበታለች፤ አንዱ ከፎቅ ወድቆ ወገቡ አልድን ብሎታል። ደራሽ ሁሉንም ዋጥ አድርጎ ይይዛል።

አንድ ቀን መንግሥት የምንዛሬውን ተመን ለገበያ ለቅቄዋለሁ አለ። ሬዲዮው ስለ ማሻሻያው ሲያብራራ ዋለ፤ ለብዙ ሰው አልገባውም፣ ለደራሽ ግን ሳይውል ሳያድር ገባው። ባንኩና ነጋዴው እኩል ከፋይ ሆኑ፤ ገንዘቡ በቀጥታ እናቶቹ ስልክ ላይ ዱብ ይል ጀመር። ነጋዴው «እንግዲህ ወንድሜ፣ ዘመኑ ነው» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ አሰናበተው። እውነት ለመናገር ማሻሻያው ለብዙዎች በጅቷል፤ ደላላን ከመሃል ማውጣት ምን ክፋት አለው? ደላላውም ልጆች እንዳሉት ግን ሬዲዮው አላነሳም።

ከዚያ ወዲህ የልጆቹም ስልክ ቀረ፤ ሰውዬው መቀመጫ አጣ። ጠዋት ጫማውን አስሮ እስከ አደባባዩ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይወጣል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ «ኧረ እባክህ አንድ ቦታ እረፍ፣ አዞርከኝ!» ትለዋለች። የእሷ የስፌት መኪና ብቻውን ቤቱን አልያዘም፤ የክሩ ዋጋ እንኳ ሰማይ ነክቷል። ትልቋ ልጃቸው ፓስፖርት አውጥታ የመጣችው ይኼኔ ነው።

ሌላ አባት ስለማያውቅ መርቆ ይሸኛል፤ ደራሽ ግን ያውቃል። ቢናገር ለስንት እናት ሲዋሽ እንደኖረ ማመኑ ነው። ዝም እንዳይል ደግሞ ልጁ ናት። ሰንበት ብሎ፣ ሚስቱ ገበያ ስትወጣ ጠብቆ፣ ልጁ ወዳለችበት ክፍል ገባ።

«ስሚኝ ልጄ… እነዚያ ደህና ናቸው የምላቸው ልጆች…»

«ደህና አይደሉም። አውቃለሁ።» ልብስ ማጣጠፏን አላቆመችም።

«ማን ነገረሽ?»

«አንተው ነሃ! ስልክ የምታወራው ከዚህ ግድግዳ ማዶ አይደል? አይዞሽ፣ አታልቅሺ ስትል እየሰማሁ አይደል ያደግኩት?»

«ታዲያ እያወቅሽ ምን ቆርጦሽ ትሄጃለሽ!» ብሎ ጮኸባት።

«ታናናሾቼ ከትምህርት ቤት ሊቀሩ ነዋ፣ አባዬ። አንተ እንደሆንክ ጫማ ከመጨረስ በቀር…» አለችና ካፏ ያመለጣት ነገር ቆጫት። ክንዱን ያዘችው። «እነዚያ ልጆች አሁን ለማን እንደሚያለቅሱ እንጃላቸው። እኔ ግን አንተ አለህልኝ።»

ደራሽ ሊቆጣ ፈልጎ ቁጣው አልመጣለትም። እሺ እንዳይል አባት ነው፤ እምቢ እንዳይል በምን አቅሙ ያስቀራታል? ክፍሉ ጠበበው፤ እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ።

«በየትኛውም ሰዓት ደውዪ፤ አነሣለሁ» አለ በመጨረሻ። ቀጥሎም «እናትሽ ስላንቺ ስትጠይቀኝስ ምን እላታለሁ?» አለ።

«እሱንማ አንተ ታውቅበታለህ» አለችው ልጁ።